የራስን ፊልም መሔስ፦ የአንድ የመጽሔት ገጽ ታሪክ

በእንግሊዝ ሀገር ለኤ ሌቭል ፈተና የሚዘጋጁ የሚዲያ ጥናት ተማሪዎች ለበርካታ ዓመታት ሲሠሯቸው ከነበሩት የተግባር ሥራዎች አንዱ ይህ ነበር፦ አምስት ደቂቃ ያህል የሚፈጅ አጭር ፊልም መሥራት፣ ከዚያም ከፊልሙ ጋር የሚሄዱ ሁለት ደጋፊ ሥራዎችን ማዘጋጀት። ደጋፊዎቹ ከሦስት የሚመረጡ ነበሩ፤ ፖስተር፣ የሬዲዮ ማስታወቂያ፣ ወይም ፊልሙን የሚዳስስ የፊልም መጽሔት ገጽ። ኦሲአር የተባለው የፈተና ቦርድ ጂ324 ብሎ በሰየመው በዚህ ክፍል ከ100 ነጥብ 40ው ለፊልሙ፣ 20ው ለጥናትና ለዝግጅት፣ ሌላው 20 ለማጠቃለያ ግምገማ ሲመደብ፣ ለእያንዳንዱ ደጋፊ ሥራ የሚደርሰው 10 ነጥብ ብቻ ነበር። ስለዚህ አብዛኛው ተማሪ የመጽሔቱን ገጽ የሚሠራው በመጨረሻው ሳምንት፣ ፊልሙ ካለቀ በኋላ፣ በተረፈው ጉልበት ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2015/16 የትምህርት ዘመን ለንደን ውስጥ ይህንኑ ትምህርት ትከታተል የነበረች አንዲት የኢትዮጵያውያን ልጅም ያቀደችው እንደዚሁ ነበር። ገጹ ግን ከፊልሙ የበለጠ ጊዜ ወሰደባት። ምክንያቱ መመሪያው ውስጥ ተሸሽጎ፣ መምህራንም ተማሪዎችም እንደ ተራ ነገር የሚያልፉት አንድ እንግዳ ነገር ነው። ገጹ የሚዳስሰው ፊልም የራሷ የተማሪዋ ነው። ፊልሙን የሠራችው እሷ፣ የምትሔሰውም እሷ፣ ሁለቱን የማይተዋወቁ አስመስሎ ገጹን የምትነድፈውም እሷው ናት።

ፊልሙ «ሰባተኛው ፎቅ» ይባላል። ለንደን ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ነው፤ አዲስ አበባ ነግቶ አሥራ ሁለት ሰዓት ሆኗል። አንዲት የቢሮ ጽዳት ሠራተኛ ሥራዋ ላይ ሳለች እናቷ ይደውሉላታል። እናት ልጃቸው ቢሮ ትሠራለች ብለው ያምናሉ፤ ቢሮሽ እንዴት ነው ብለው ይጠይቃሉ። ልጅ የማታውቀው ሰው ወንበር ላይ ተቀምጣ ጠረጴዛውን፣ መስኮቱን፣ በመስኮቱ የሚታየውን ከተማ ትተርክላቸዋለች። አንዱም ቃል ውሸት አይደለም፤ ወንበሩ የማን እንደሆነ ብቻ አልተነገረም። ስልኩ ሲዘጋ የወንበሩን እጀታ ትወለውልና ወደ ቦታው ትመልሰዋለች። በዚህ ያበቃል።

መሪ ተዋናይቷ የተማሪዋ አክስት ናቸው። አክስቷ በእውነተኛው ሕይወታቸውም የሌሊት ጽዳት ሠራተኛ ሲሆኑ፣ ከዚያ በፊት ካሜራ ፊት ቆመው የሚያውቁት በሰው ሠርግ ላይ ብቻ ነው። ቀረጻው የተካሄደው በትምህርት ቤቱ የአስተዳደር ፎቅ፣ ሠራተኞች ከወጡ በኋላ፣ በሦስት ምሽቶች ነበር። በመጀመሪያው ምሽት ተማሪዋ አክስቷን እንዴት እንደሚወለውሉ ልታሳይ ብትሞክር፣ «ጨርቅ እንዲህ አይያዝም፤ አራት ታጥፈሽ ነው የምትይዢው፣ አንዱ ፊት ሲቆሽሽ ትገለብጪዋለሽ» ብለው አረሟት። በሁለተኛው ምሽት ደግሞ በኮሪደሩ ጥግ የቆመውን የለስላሳ መጠጥ መሸጫ ማሽን አመለከቱና እንዲህ አሉ፦ «ይኼ ነገር ሌሊቱን ሙሉ ያጉረመርማል። ሶኬቱን ንቀይው።» ተማሪዋም ድምፁን በኋላ በኮምፒውተር አጠፋዋለሁ ብላ ቀረጻውን ቀጠለች።

ለገጹ የሚሆነው ጥናት የተጀመረው በመጽሔቶች ነው። የብሪታንያ ፊልም ኢንስቲትዩት በቴምዝ ወንዝ ደቡባዊ ዳርቻ፣ ለማንኛውም ሰው በነፃ የተከፈተ፣ ሩበን የሚባል ቤተ መጻሕፍት አለው። ተማሪዋ ተከታታይ ቅዳሜዎችን በዚያ አሳለፈች። ማስመሪያ ይዛ የፎቶግራፎቹን ስፋት ለካች፣ ዓምዶቹን ቆጠረች፣ የፊደሎቹን መጠን ገመተች። እንዲህ ያለው ሥራ አሰልቺ ይመስላል። ነገር ግን መጽሔትን በማስመሪያ ያነበበ ሰው በዓይኑ ብቻ ያነበበ ሰው የማያየውን ያያል።

እ.ኤ.አ. ከ1989 ጀምሮ የሚታተመው ኢምፓየር ዋና ዳሰሳውን የሚከፍተው በትልቅ ፎቶግራፍ ነው። ከፎቶው ቀጥሎ የፊልሙ ስም፣ ከአምስት የተሰጡት ኮከቦች፣ በትንንሽ ፊደል ደግሞ አዘጋጁ፣ ተዋንያኑ፣ ርዝመቱና የዕድሜ ገደቡ ይሰፍራሉ። ጽሑፉ በዓምዶች ይወርድና መጨረሻው ላይ ከተቀረው ተለይታ የተቀመጠች የአንድ ወይም የሁለት ዐረፍተ ነገር ብያኔ ትገኛለች። የቸኮለ አንባቢ ፎቶውን፣ ኮከቡንና ብያኔውን አይቶ ገጹን ሊገልጥ ይችላል፤ ገጹም የተነደፈው እንዲያ ለሚያደርግ አንባቢ ጭምር ነው። በመካከል ያሉት ዓምዶች፣ ሐያሲው የደከመባቸው፣ ብዙ ጊዜ የሚነበቡት ፍርዱ ከታወቀ በኋላ ነው። ተማሪዋ በማስታወሻ ደብተሯ «ኮከቡ ከጽሑፉ በፊት ይነበባል» ብላ ጽፋ ከሥሩ ሁለት ጊዜ አሰመረችበት።

ሁሉም መጽሔት ግን እንዲህ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2005 የተመሠረተው ሊትል ዋይት ላይስ አንድን ፊልም በሦስት ይመዝነዋል፤ ሐያሲው ከማየቱ በፊት የነበረው ጉጉት፣ በማየት ላይ ሳለ ያገኘው ደስታ፣ ካየ በኋላ መለስ ብሎ ሲያስበው የቀረለት ነገር። እያንዳንዱ ከአምስት ይሰጠዋል። ይህ አሠራር ከሌሎቹ የበለጠ ሐቀኛ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ ሐያሲው ወደ ሲኒማው የገባው ባዶ ልብ ይዞ እንዳልነበረ በቁጥር ያምናልና። እ.ኤ.አ. ከ1932 ጀምሮ የሚታተመው ሳይት ኤንድ ሳውንድ ደግሞ ኮከብ የሚባል ነገር አልነበረውም። በ1991 ከ1934 ጀምሮ ይወጣ የነበረውን መንዝሊ ፊልም ቡለቲን ሲጠቀልል፣ የባለሙያዎቹን ሙሉ ዝርዝርና የፊልሙን ታሪክ ከነመጨረሻው የማስፈር ልማድ ወረሰ። እንዲህ ያለው ገጽ ለገበያተኛ ሳይሆን ለመዝገብ የተጻፈ ነው።

ኮከቡ ራሱ የዜና ወረቀት ልጅ ነው። ለፊልም ኮከብ መስጠት የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1928 በኒው ዮርኩ ዴይሊ ኒውስ ጋዜጣ፣ አይሪን ቲረር በተባለች ሐያሲ እንደሆነ ይነገራል፤ ያኔ መለኪያው ከዜሮ እስከ ሦስት ነበር። ጋዜጣው የሚነበበው በባቡር ውስጥ በሚጋፋ ሕዝብ መሆኑን ለሚያስብ ሰው ነገሩ አያስደንቀውም።

ተማሪዋ ለሊትል ዋይት ላይስ ልቧ ቢያዘነብልም የመረጠችው የኢምፓየርን ቅርጽ ነበር። ምክንያቷም ቀላል ነው፤ ፈታኞቹ ያንን ቅርጽ በአንድ እይታ ያውቁታል።

ንድፉ ሲጀመር የመጀመሪያው መሰናክል የመጣው ካልተጠበቀ አቅጣጫ ነው። ከፊልሙ ላይ አንድ ምስል ቆርጣ ገጹን በሙሉ ልታለብሰው ነበር ያሰበችው። ይሁንና የፊልሙ ምስል 1920 በ1080 ፒክስል ነው። ለጥራት ያለው ኅትመት የሚፈለገው በአንድ ኢንች 300 ፒክስል ከሆነ፣ ያ ምስል ጥራቱን ሳያጣ የሚሸፍነው ስፋት 16 ሴንቲሜትር፣ ቁመት 9 ሴንቲሜትር ያህል ብቻ ነው። ኤ4 ወረቀት 21 ሴንቲሜትር ስፋትና 29.7 ሴንቲሜትር ቁመት አለው። ምስሉ ሲለጠጥ የአክስቷ ፊት ጭጋግ ውስጥ እንዳለ ሰው ደበዘዘ። በትልልቅ ፊልሞች ቀረጻ ላይ ከቪዲዮ ካሜራው ጎን ፎቶግራፍ ብቻ የሚያነሳ ባለሙያ የሚቆመው ለምን እንደሆነ ያኔ ገባት። መጽሔት ላይ የሚታየው ምስል ብዙውን ጊዜ ከፊልሙ የተቆረጠ ሳይሆን ለመጽሔቱ ተብሎ የተነሳ ነው። ስለዚህ አክስቷ አንድ እሑድ ጠዋት፣ ከሌሊት ፈረቃ እንደወጡ፣ የደንብ ልብሳቸውን ሳይቀይሩ ተመልሰው መጡና ወንበሩን ይዘው ቆሙ። ሰላሳ ያህል ፎቶ ተነሡ። በሁሉም ላይ ድካማቸው ይታያል።

የመጀመሪያው ረቂቅ ጽሑፍ አራት ኮከብ ነበረው። ከመጽሔቶቹ የተለቀሙ ቅጽሎች ሞልተውታል፤ አስደናቂ፣ ልብ የሚነካ፣ ተስፋ የሚጣልበት። ከሥሩ የተጻፈው የሐያሲ ስም የአንድ እንግሊዛዊ ወንድ ስም ሲሆን፣ በዓለም ላይ የሌለ ሰው ነው። ለምን ይህን ስም እንደመረጠች ስትጠየቅ «እውነተኛ መጽሔት እንዲመስል» ብላ መለሰች። መልሱ ብዙ ነገር ይናገራል፤ በአሥራ ሰባት ዓመቷ «እውነተኛ» ሐያሲ ምን ዓይነት ስም እንደሚኖረው ማንም ሳይነግራት ተምራዋለች።

መምህሯ ገጹን አይተው አንድ ታሪክ ነገሯት። እ.ኤ.አ. በ2001 ኒውስዊክ መጽሔት እንዳጋለጠው፣ የሶኒ ፒክቸርስ የማስታወቂያ ክፍል ዴቪድ ማኒንግ የሚባል ሐያሲ ፈጥሮ፣ በኮኔቲከት የሚታተም የአንድ ትንሽ ጋዜጣ ጸሐፊ አስመስሎ፣ የኩባንያውን ፊልሞች በስሙ ሲያስመሰግን ቆይቷል። ሰውየው የለም፤ ጋዜጣው አለ፣ ነገር ግን ስለ ጉዳዩ አያውቅም። ኩባንያው በኋላ ተመልካቾች ባቀረቡት ክስ 1.5 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። መምህሯ ይህን የነገሯት ሊወቅሷት አልነበረም፤ የሥራው መመሪያ ራሱ ለእያንዳንዱ ተማሪ አንድ ዴቪድ ማኒንግ እንዲፈጥር ይጋብዛልና። ይሁን እንጂ ተማሪዋ ወደ ቤቷ ስትሄድ ፖስተሩን አስታወሰች። ፖስተሩ ቀድሞ አልቋል፤ በአናቱም ላይ አራት ኮከቦች በወርቅማ ቀለም ተደርድረዋል። ኮከቦቹን የሰጠው ያ የሌለ እንግሊዛዊ ነው።

ሁለተኛው ረቂቅ የመጀመሪያው ተቃራኒ ሆነ። ኮከቡ ወደ ሦስት ወረደ፣ ቅጽሎቹ ታጨዱ፣ በመካከለኛው ዓምድም ነቀፋ ገባ፦ የመሪ ተዋናይቷ ድምፅ ደረቅ ነው፣ ከእናቷ ጋር የምትነጋገር ሳይሆን ከወረቀት የምታነብ ትመስላለች የሚል። ይህች ዐረፍተ ነገር ከጽሑፉ ተነጥላ በትልቅ ፊደል በገጹ መካከል ወጣች። የክፍል ጓደኞቿ ገጹን ሲያዩ አሁን ገና መጽሔት መሰለ አሉ። እውነትም መስሏል። ነቀፋ ያለበት ዳሰሳ ይታመናል፤ የሚነቅፍ ሰው ገለልተኛ ይመስላልና።

ገጹን ያላመኑት አባቷ ናቸው። አባቷ በደርግ ዘመን ተማሪ የነበሩ ሰው ናቸው። ጽሑፉን በእንግሊዝኛው አንብበው ሲጨርሱ ሥራው በትክክል ምን እንደሆነ ጠየቋት። የራሷን ፊልም ራሷ እንደምትሔስ ስትነግራቸው ሳቁ።

«ይኼማ ግለ ሂስ ነው» አሉ። «በእኛ ጊዜ በየስብሰባው ሂስና ግለ ሂስ የሚባል ነበር። ሰው ሁሉ አንድ የተዘጋጀ ጥፋት ነበረው። የእኔ ሰዓት አለማክበር ነበር። ተነሥቼ ሰዓት አላከብርም፣ ወደፊት አሻሽላለሁ እላለሁ፤ ከዚያ በኋላ ሌላውን የሚጠይቀኝ የለም።» ትንሽ ዝም ብለው ቆዩና ጨመሩ፦ «አንቺ ደግሞ የተዘጋጀ ጥፋትሽ አክስትሽ ሆነች።»

በአማርኛ ለዚህ ሥራ ያሉን ቃላት ሁሉ አንዳች ሸክም አለባቸው። «ዳሰሳ» እጅን በላይ በላዩ ማሳለፍ ነው፤ የሚነካ እንጂ የሚፈርድ አይደለም። «ሂስ» የነቀፋ ጣዕም ከመሠረቱ አለው፤ በዚያ ላይ የአንድ ትውልድ የስብሰባ ትዝታ ተጭኖበታል። «ግምገማ» ደግሞ ከዚያ በኋላ በመጣው ዘመን በየመሥሪያ ቤቱ ሰው የሚነሣበትና የሚወድቅበት መድረክ ስም ሆነ። የእንግሊዝኛው ቃል ይህን ሁሉ አይሸከምም፤ መልሶ ማየት ማለት ብቻ ነው። ተማሪዋ አማርኛን የምትናገረው በቤት ውስጥ እንጂ እነዚህን ቃላት በታሪካቸው አታውቃቸውም ነበር። በዚያ ምሽት ግን አባቷ ያሉት ከእንግሊዝኛው ይልቅ ሥራዋን በትክክል ገለጸላት።

መልሶ ማየቱ፣ ይልቁንም መልሶ መስማቱ፣ የመጣው በማግሥቱ ነው። ከፎቶው ሥር የምትገባ አንዲት የንግግር መስመር ስለፈለገች፣ የተቀናበረውን ፊልም ትታ ጥሬውን ቅጂ ከፈተች። የማሽኑ ጉርምርምታ ከመጀመሪያው ሰከንድ ጀምሮ አለ። ከጉርምርምታው ጋር ግን የተቀናበረው ፊልም ውስጥ የሌለ ድምፅ ተሰማት። አክስቷ «መስኮቱ ሰፊ ነው፣ እማዬ» ሲሉ ድምፃቸው ወፍራምና ሙቅ ነው፤ «እማዬ» የምትለው ቃል መጨረሻ ላይ ትንሽ ይሰበራል። በፊልሙ ላይ ያ ስብራት የለም።

ምክንያቱን ለማግኘት ብዙ ጊዜ አልፈጀባትም። ማይክሮፎኑ ካሜራው ላይ የተገጠመው ነው፤ ከአክስቷ አራት ሜትር ያህል ይርቃል። የማሽኑ ጉርምርምታ ዝቅ ባሉት የድምፅ ሞገዶች አካባቢ ይሰፍራል፤ በእንግሊዝ የኤሌክትሪክ መስመር 50 ኸርዝ በመሆኑ ጉርምርምታው በ50፣ በ100ና ከዚያ በላይ ባሉት ብዜቶች ላይ ይደራረባል። የሴት ልጅ የንግግር ድምፅ መሠረቱ ብዙውን ጊዜ 200 ኸርዝ አካባቢ ነው። ተማሪዋ ጉርምርምታውን ለማጥፋት ዝቅተኛውን ክፍል ስትቆርጥ የአክስቷን ድምፅ ሥጋ አብራ ቆርጣዋለች፤ የቀረው አጥንቱ ነው። ገጹ ላይ «ደረቅ» ተብሎ በትልቅ ፊደል የተጻፈው ድምፅ በቀረጻው ምሽት ደረቅ አልነበረም። ያደረቀችው ሐያሲዋ ራሷ ናት።

ሦስተኛው ረቂቅ በአንድ ሌሊት ተጻፈ። ኮከቡ ሦስት ሆኖ ቀረ፤ ሁለተኛው ረቂቅ ፍርዱን ሳይሆን ጥፋተኛውን ነበር የሳተው። በመካከለኛው ዓምድ፣ አዘጋጇ በቀረጻው ቦታ ልታጠፋው የምትችለውን የማሽን ድምፅ በኮምፒውተር ለማጥፋት በመምረጧ የመሪ ተዋናይቷን ምርጥ ጊዜ እንዳበላሸች፣ ይህም የፊልሙ ዋና ጉድለት እንደሆነ ተጻፈ። በትልቅ ፊደል የወጣችው ዐረፍተ ነገርም ስለ መጨረሻው ትዕይንት፣ የወንበሩን እጀታ ስለሚወለውሉት እጆች የምትናገረው ሆነች። የሌለው እንግሊዛዊ ስም ተፍቆ የተማሪዋ ስም ገባ። ስለዚህ በገጹ ላይ አንድ ስም ሁለት ቦታ ይነበባል፤ አንዴ «አዘጋጅ» ከሚለው ቀጥሎ፣ አንዴ ከጽሑፉ ሥር። መምህሯ የውጭ ገምጋሚ ይህን እንደ ስሕተት ሊቆጥረው ይችላል ብለው አስጠነቀቋት። እሷ ግን በግምገማው የመጀመሪያ ጥያቄ፣ ሥራው የእውነተኛ መጽሔቶችን ልማድ እንዴት እንደተጠቀመበት፣ እንዳዳበረው ወይም እንደተገዳደረው በሚጠይቀው ሥር፣ ምክንያቷን በግማሽ ገጽ አስረዳች። ከፖስተሩ ላይ አራቱ ኮከቦች ተነሡ። በቦታቸው ምንም አልተተካም፤ ያ ባዶ ቦታ ትንሽ ያስቀይማል። ፊልሙን ራሱን ለማረም ጊዜ አልነበረም፤ ማስረከቢያው ቀን ደርሷል።

ገጹ ከታተመ በኋላ አንዱን ቅጂ ለአክስቷ ወሰደችላቸው። አክስቷ መነጽራቸውን አድርገው በመጀመሪያ ፎቶውን፣ ቀጥሎ ኮከቦቹን አዩ፤ ልክ መጽሔቱ አንባቢውን እንደሚመራው።

«ሦስት ነው። ከስንት?»

«ከአምስት፣ አክስቴ።»

«እንግዲህ አልፈናል» አሉና ጽሑፉን በጣታቸው እየተከተሉ፣ በእንግሊዝኛው ቀስ ብለው ማንበብ ጀመሩ። በሁለተኛው ዓምድ አጋማሽ ላይ ጣታቸው ቆመ። ዐረፍተ ነገሩን ደግመው አነበቡት።

«ሶኬቱን ንቀይው ብዬሽ አልነበር?»

«ብለሽኝ ነበር።»

አክስቷ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያም ወደ ፎቶው ተመልሰው፣ ወንበሩ እጀታ ላይ ያረፈውን እጃቸውን በጣታቸው ነካ አደረጉና፣ «ጨርቁን ግን እንደሚገባ ይዤዋለሁ» አሉ።